የታሰረ ላብ

ስለ እንባ ብዙ ተገጥሟል። ስለ ደምም እንዲሁ። ላብ ግን፣ የሰው ልጅ ከሁለቱ ይልቅ አብዝቶ የሚያፈስሰው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከብዕር ሰዎች ዘንድ እምብዛም ቦታ አላገኘም። ላብ ሲነሣ ወይ ስለ ድካም ወይ ስለ እንጀራ ነው የሚወራው፤ ስለ ራሱ ስለ ላብ የሚናገርለት የለም። እኔም ብሆን፣ በ1996 ዓ.ም. ግንቦት ወር ማብቂያ ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በገዛ ላቤ ታስሬ ባልወድቅ ኖሮ፣ ስለ እርሱ ሁለት መስመር ለመጻፍ ባላሰብሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመት ያስተማርሁ ወጣት የታሪክ መምህር ነበርሁ። ለብሔራዊ ፈተና ቁጥጥር ወደ ድሬዳዋ ከተላኩት መምህራን አንዱ ሆንሁና ሄድሁ። ፈታኝ ሆኜ ሄጄ ተፈታኝ ሆኜ መመለሴን የሥራ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል። ከአዲስ አበባ ስነሣ ከመጻሕፍቴ ጋር አንድ ልማድም ይዤ ነበር፤ የጧት ሩጫ። መሮጥ ብቻ ቢሆን መልካም። የእኔ ሩጫ ግን የራሱ ሥርዐተ ልብስ ነበረው። ከሥር ወገቤንና ሆዴን በላስቲክ እጠቀልላለሁ፤ በላዩ ወፍራም ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ቱታ፣ በራሴ ላይ የሱፍ ኮፍያ። ይህን ያስተማረኝ አሠልጣኝ አልነበረም። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ጧት ጧት የሚወጣና የሚወርደው ሕዝብ ነው። ላብ ከፈሰሰ ቦርጭ ይቀልጣል የሚል እምነት ነበረን። ሩጫችንን ሲጨርስ ቱታውን አውልቆ እንደ ታጠበ ልብስ የሚጨምቅ ሰው በዙሪያው ያሉትን ሁሉ በኩራት ያይ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ልማድ አልገደለኝም። ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት፤ ጧቷ ቆፈን ነው፤ ስሕተትን ትታገሣለች። ድሬዳዋ ግን ቆላ ናት፤ አትታገሥም።

ፈተና በሌለበት ዕለት፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከከዚራ ተነሥቼ ወደ ደቻቱ አቅጣጫ መሮጥ ጀመርሁ። እንደ ወትሮው ተጠቅልያለሁ። በመጀመሪያ ላቡ ሲመጣ ደስ አለኝ። ከዚያ ራሴን አመመኝ። ከዚያ እግሮቼ የሌላ ሰው እግር መሰሉኝ። ብርሃኑ ነጣ፤ የሰው ድምፅ ከጕድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆነብኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን የማስታውሰው ከወደቅሁበት ነው። በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሻይ በምትሸጥ እናት ምድጃ አጠገብ ተዘርሬያለሁ። ሽርጥ ያገለደሙ ሰዎች ከብበውኛል። አንዱ "አውልቁለት! አውልቁለት!" ይላል። ሌላው በቢላዋ ላስቲኩን ተረተረው። ውኃው ዘርገፍ ሲል ይሰማኛል፤ እንደ ተቀደደ አቁማዳ። በጀሪካን ውኃ አፈሰሱብኝ፤ በካርቶን አራገቡልኝ።

ነፍሴ ስትመለስ ያች እናት የተበጠሰውን ላስቲክ በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ ወደ እኔ እያየች፣

"ልጄ፣ ላብህን አስረህ ወዴት ልትሄድ ነበር?" አለችኝ።

ሰዎቹ ሣቁ። እኔ አልሣቅሁም። መልስም አልነበረኝም። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬ የምጽፈው ያንን መልስ ፍለጋ ነው።

*

ታሪክ መምህር አንድ ነገር ሲደርስበት በእርሱ ላይ ብቻ የደረሰ አድርጎ ማሰብ አይሆንለትም። ከእኔ በፊት ላቡን ያሰረ ሰው ማን ነው ብዬ ፈለግሁ። አገኘሁትም። ስሙ ፍራንሲስኮ ላዛሮ ይባላል፤ በሙያው አናጺ የሆነ ፖርቱጋላዊ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት የውጩን ታሪክ በሚመለከቱበት ቦታ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሐምሌ 14 ቀን 1912 ስቶክሆልም ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ተካሄደ። ያች የሰሜን አገር ከተማ በዚያ ቀን ከ30 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ላይ ነበረች። ስድሳ ስምንት ሯጮች ተነሡ፤ ከመጨረሻው የደረሱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ላዛሮ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በመክፈቻው ሰልፍ የታየ ሰው ነው። ፀሐይ እንዳታቃጥለው ብሎ ገላውን በስብ ለቅልቆት ነበር። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ ቆዳ እንዳይቃጠል መከለል ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ነገር ግን ስቡ ፀሐይን ከማገዱ በፊት ላብን አገደ። ሰላሳኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወደቀ፤ በማግሥቱም ሞተ። በዘመናዊው ኦሊምፒክ ሲወዳደር የሞተ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ይኸው አናጺ ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ከድኜ ብዙ ተቀመጥሁ። ስብና ላስቲክ ምን ልዩነት አላቸው? እርሱ በቆዳው ላይ የቀባውን እኔ በወገቤ ላይ ጠቀለልሁት። በመካከላችን ያለው ልዩነት እኔ የወደቅሁት ሻይ ከምትሸጥ እናት አጠገብ መሆኑ ብቻ ነው።

በዚያው ዕለት፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ሌላ ሰውም ሙቀቱ አሸንፎታል። ሺዞ ካናኩሪ የተባለ ጃፓናዊ ነው። በእግሩ ያጠለቀው "ታቢ" የሚባለውን፣ አውራ ጣት ለብቻዋ የምትገባበትን የአገሩን የጨርቅ ጫማ ነበር። ሲዝል ከመንገድ ዳር ወዳለ የአንድ ቤተሰብ የአትክልት ቦታ ገባ። የሚጠጣ ሰጡት፤ አረፈ። ከዚያም ለዳኞቹ ሳይናገር ወደ አገሩ ተመለሰ። ስዊድናውያን ከብዙ ዘመን በኋላ አፈላልገው ጋበዙትና በ1967 መጥቶ ሩጫውን ጨረሰ። የተመዘገበለት ሰዓት 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ከ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው። ሰው ይሥቅበታል። እኔ ግን ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን ሳስባቸው ሣቄ ይጠፋል። አንደኛው አልቆምም ብሎ በማግሥቱ ሞተ፤ ሁለተኛው ቆሞ ጠጥቶ የልጅ ልጆች አየ።

*

ከስቶክሆልም ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1904፣ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የተደረገውን ማራቶን ያነበበ ሰው ሙቀትንና አለባበስን የሚመለከት ሌላ ትምህርት ያገኛል። ሩጫው የተጀመረው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ያህል፤ መንገዱ አቧራ። አዘጋጆቹ ውኃ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ሆን ብለው አሳንሰው ነበር። ሰውነት ውኃ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ሰው ነበረባቸውና። ሠላሳ ሁለት ተነሥተው የጨረሱት ዐሥራ አራት ናቸው። አሸናፊው ቶማስ ሂክስ በመንገድ ላይ ውኃ ሲለምን የሰጡት ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ከእንቁላል ነጩ ጋር፣ በኋላም ብራንዲ ነው። የዚያ ዘመን ሳይንስ ይኸው ነበር።

ከኩባ የመጣ ፌሊክስ ካርቫሃል የሚባል ፖስተኛም በመነሻው መሥመር ላይ ቆሟል። ረዥም ሱሪ፣ እጅጌው ረዥም ሸሚዝ፣ የመንገድ ጫማና ቆብ አድርጎ። ሌላ ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። አንድ ርኅሩኅ ስፖርተኛ መቀስ አምጥቶ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ቆረጠለት። ሰው ሣቀ። ካርቫሃል በመንገድ ላይ ፖም በልቶ ሆዱን ታመመ፤ ጋደም ብሎ ተነሣ፤ ይህ ሁሉ ሆኖ አራተኛ ወጣ። በዚያ የሙቀት ቀን ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ለሯጭ የጠቀመው ምን ነበር ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልሴ አንድ ነው፤ ያ መቀስ። ስትሪክኒኑም ብራንዲውም አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ ስለ አበበ ቢቂላ እንዳነሣ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ስለ ቆላ ሩጫ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ወደ ሮም ሳይደርስ አይመለስም።

መስከረም 10 ቀን 1960 የሮም ማራቶን በጠራራ ፀሐይ አልተካሄደም። አዘጋጆቹ ሙቀቱን ፈርተው ሩጫው አመሻሹ ላይ እንዲጀመር አደረጉ፤ የጥንቱን የአፒያ መንገድ ያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ናቸው። ጸሓይን የማይለብሱበት ሰዓት መምረጥም አለባበስ ነው። የክብር ዘበኛው አበበ በዚያ ምሽት ካናቴራና ቁምጣ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሄደ፤ በመጨረሻው ላይም ያኔ በሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልታችን አጠገብ ሲደርስ ጥሎት ነጐደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ።

ዓለም ከዚያ ምሽት ያስቀረው ባዶ እግሩን ነው። ብዙዎች "ጫማ ያጣ ድኻ" አድርገው ጻፉት። ጫማ ግን አላጣም። የቀረቡለት ጫማዎች አልተመቹትም፤ እግሩን አቈሰሉት፤ አገሩ ላይ በባዶ እግሩ ሲለማመድ የኖረ ሰው ስለሆነም ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ሆኖ መከረና አወለቀው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሳምንታት ብቻ ተቈጥረው ሳለ፣ 2፡12፡11 ሮጦ ዳግም አሸነፈ። ሮም ላይ ያወለቀው ስላልተመቸው ነው፤ ቶኪዮ ላይ ያደረገው ስለተመቸው ነው። በሁለቱም ቀን የወሰነው የገዛ ገላው ነበር።

ይህንን የምለው ጀግናን ለማወደስ አይደለም፤ እርሱን ያወደሱ ብዙዎች ናቸው። የምለው የራሴን ስሕተት ስላሳየኝ ነው። እኔ ድሬዳዋ ላይ ልብስ ያበዛሁት ከመስቀል አደባባይ ሰው ስለተማርሁ ነው እንጂ ገላዬ ስለጠየቀኝ አይደለም። ገላዬማ "አውልቅ" እያለኝ ነበር። ሰዎቹ በቃል የተናገሩትን እርሱ በራስ ምታት ነግሮኛል።

*

"እንግዲያው በቆላ የሚሮጥ ራቁቱን ይሩጥ ማለትህ ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ያነሡኝ ሰዎች ራቁታቸውን አልነበሩም። ሽርጥ ለብሰዋል፤ ሰፊ ሸሚዝ ደርበዋል፤ አንዳንዱ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሟል። በዚያ ፀሐይ ውስጥ ከእኔ በቀር የተንገላታ ሰው አላየሁም።

በ1980 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጥያቄው የበረሓ በደዊኖች በዚያ ሙቀት ውስጥ ለምን ጥቁር ቀሚስ ይለብሳሉ የሚል ነው። ተመራማሪዎቹ አንድን ሰው ጥቁርና ነጭ ልብስ እያቀያየሩ በፀሐይ አቁመው ለኩ። ጥቁሩ ልብስ በርግጥ ይበልጥ ይግላል። ግን ገላ ላይ የሚደርሰው ሙቀት እኩል ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ልብሱ ሰፊ ነው። በልብሱና በገላ መካከል አየር ይመላለሳል፤ የጋለው አየር ከላይ ይወጣል፤ ከታች ሌላው ይገባል፤ ላቡንም ይዞት ይሄዳል። የሽርጥም ምሥጢር ይኸው ነው። ቁም ነገሩ የልብሱ መኖርና አለመኖር አይደለም፤ ለነፋስ በር መተው አለመተው ነው።

ላብ ስለፈሰሰ ብቻ አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሳይተን መሬት ላይ የተንጠባጠበ ላብ፣ በሹራብ ውስጥ የተጠራቀመ ላብ፣ በላስቲክ የታቈረ ላብ ከሰውነት ውኃን ይወስዳል እንጂ ሙቀትን አይወስድም። ያ በኩራት ስንጨምቀው የነበረው ቱታ፣ እንግዲህ፣ የጥረታችን ምስክር አልነበረም፤ በከንቱ የፈሰሰው ውኃችን ነው። ቀልጧል ያልነው ቦርጭም አልቀለጠም። ሚዛን ላይ የጐደለው ውኃ ነውና፣ ሁለት ብርጭቆ እንደጠጣን ይመለሳል።

ይህ በጨዋታ የሚታለፍ ነገር ቢሆን ባልተቈጣሁ። በ1997 መጨረሻ፣ በአሜሪካ፣ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተጋጣሚ ወጣቶች በአንድ ወር ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሞቱ። ሦስቱም ከውድድር በፊት ክብደት ለመቀነስ ሲጣደፉ ነበር፤ የጎማ ልብስ ለብሶ በሞቀ ክፍል መልፋት የዚያ ጥድፊያ አካል ነበር። ከዚያ በኋላ የጎማው ልብስ በኮሌጆቹ ስፖርት ተከለከለ። ላስቲክ የጠቀለለ ሰው ባየሁ ቍጥር እነርሱ ትዝ ይሉኛል።

ሌላ የማልረሳው ሥዕል አለ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ የመጀመሪያው የሴቶች ኦሊምፒክ ማራቶን ተደረገ። ስዊዘርላንዳዊቷ ጋብሪየላ አንደርሰን ሺስ ወደ ስታዲየሙ ስትገባ ገላዋ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ አንድ እጇ ተንጠልጥሎ ነበር። የመጨረሻውን ዙር ለመጨረስ ስድስት ደቂቃ ያህል ፈጀባት። ሐኪሞች ሊይዟት ቀረቡ፤ ከነኳት ከውድድር ትሰረዛለችና እጇን አወናጭፋ ከለከለቻቸው። ተዉአት። የተዉአት ጨክነው አይደለም፤ ያልባት እንደነበር አይተው ነው። ላብ ካለ ሰውነት ገና ራሱን ለማብረድ ይታገላል ማለት ነው። በሠላሳ ሰባተኛነት ጨርሳ ወደቀች፤ ተነሣችም። በዚያ ስታዲየም ውስጥ የአንዲት ሴት ዕድል የተወሰነው ቆዳዋ ላይ በታየው እርጥበት ነበር።

ደግሞ ላብ የማይተንበት አገርም አለ። አየሩ ራሱ እርጥብ ከሆነ ላብ የሚሄድበት የለውም። በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን በእኩለ ሌሊት ተጀመረ፤ ሙቀቱ በዚያ ሰዓት እንኳ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ ወበቁም ብርቱ ነበር። ከ68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም የእኛ ሴቶች ልጆች አቋረጡ። አንዳንዱ ሰው ያን ሌሊት ነቀፋቸው። እኔ ግን ካናኩሪንና ላዛሮን አስቤ፣ "እሰይ፣ በጤና ተመለሱ" አልሁ። ከቀናት በኋላ፣ በዚያው ከተማ፣ እንደዚያው በሌሊት፣ ሌሊሳ ዴሲሳ 2፡10፡40 ሮጦ የወንዶቹን ወርቅ ወሰደ፤ ሞስነት ገረመው ተከተለው። የሮሙ ችቦ በዶሃ መብራት ተተካ እንጂ ከፀሐይ መሸሹ ያው ነው።

*

ወደ ኒሙ ዛፍ ልመለስ። ያች እናት ውኃ ካጠጣችኝና ከሰዓት በኋላ መቀመጥ ከቻልሁ በኋላ አንድ ብርጭቆ ሻይ አቀረበችልኝ። እንፋሎቱ ይታያል። የምታሾፍብኝ መሰለኝ።

"በዚህ ሙቀት የፈላ ሻይ?" አልኋት።

"ጠጣ፤ ያልብሃል። ላቡን ነፋሱ ይወስድልሃል" አለችኝ።

በልቤ የቆላ ሰው ልማድ ነው ብዬ ናቅሁት። በ2012 ግን በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብስክሌት እየነዱ ላሉ ሰዎች ቀዝቃዛና ትኵስ ውኃ እያጠጡ መረመሩ። ትኵሱን የጠጡት ሰዎች በሰውነታቸው ውስጥ ያከማቹት ሙቀት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ትኵሱ መጠጥ የሚጨምረው ሙቀት ጥቂት ነው፤ የሚቀሰቅሰው ተጨማሪ ላብ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ግን ከዚያ ይበልጣል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ላቡ መትነን አለበት። ወበቅ ባለበት ወይም በወፍራም ልብስ በተጠቀለለ ገላ ላይ ትኵስ መጠጥ ጥቅም የለውም፤ ይጐዳል እንጂ። ለዚህ ነው ሽርጡና ሻዩ አብረው የሚኖሩት። አንዱ ከሌለ ሌላው አይሠራም። ያች እናት ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሳው ነበር፤ እኔ ለመረዳት ስምንት ዓመት ፈጀብኝ።

ሻይ በአገራችን ከቡና በታች የተቀመጠ ታናሽ ወንድም ነው። ሥነ ሥርዐት የለውም፤ ዕጣን አይጤስለትም፤ ሦስት ዙር አይቈጠርለትም። ስሙም እንግዳ መሆኑን ይመሰክራል፤ ከቻይና በየብስ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ሲያልፍ ይዞት የመጣው ስም ነው፣ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የደረሰው። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ "ሻሂ" ይለው ነበር። ዛሬ ቅጠሉ በኢሉባቦር ጉመሮ፣ በከፋ ውሽውሽ ይለቀማል። እንግዳው ርስት ተክሏል ማለት ነው።

ስለ ሻይ ምርጫ ሰው ሲጣላ አይቼ አላውቅም፤ ሲናናቅ ግን አይቻለሁ። አባቴ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት "ትኵስ ውኃ" ይለዋል። ባለቤቴ የምትወደው ስፕሪስ ነው፤ ከታች ሻይ ከላይ ቡና። እኔ ደግሞ ለሁለት ጌታ የተገዛ መጠጥ ነው እያልሁ አበሽቃታለሁ። ድሬዳዋና ሐረር ወተት የበዛበት ሻይ ከሳምቡሳ ጋር ይወደዳል። የጐረቤታችን የኬንያ ሯጮችም ወተትና ስኳር ያለበት ሻይ ወዳጆች ናቸው፤ አመጋገባቸውን ያጠኑ ሰዎች በቀን ከሚጠጡት ፈሳሽ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ይኸው ሻይ እንደሆነ ጽፈዋል።

የእኔ ምርጫ ቀላል ነው። ቀይ ሻይ፣ አንድ ስባሪ ቀረፋ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ግማሽ ማንኪያ ስኳር፤ ወተት አይነካውም። ብርጭቆው ትንሽ ይሁን፤ በከንፈሩ በኩል በሁለት ጣት የሚያዝ። ከሩጫ ስመለስ መጀመሪያ ውኃ እጠጣለሁ። ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ካናቴራዬ በጀርባዬ ላይ ሳይደርቅ፣ ሻዩን ፉት እላለሁ። ግንባሬ ላይ ላብ ይመጣል። ነፋሱ ይመጣል። ቅዝቃዜው ከአንገቴ ሥር ሲጀምር ይሰማኛል። በዚያች ቅጽበት ሁልጊዜ የኒሙ ዛፍ ትዝ ይለኛል።

አሁን ስሮጥ አለባበሴም ተለውጧል። ሙቀት ባለበት ስስ፣ ሰፋ ያለ፣ ደማቅ ያልሆነ ጥቁርም ያልሆነ ካናቴራ፤ ቁምጣ፤ ነፋስ የሚያስገባ ኮፍያ። ጥጡ ላብ ጠጥቶ ይከብዳልና ለረዥም ሩጫ ትቼዋለሁ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ከሄድሁ ወይ በንጋት ወይ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው የምወጣው፤ የመጀመሪያውን ሳምንትም በዝግታ፣ ገላዬ አገሩን እስኪለምድ። ይህ ሁሉ ጥበብ አይደለም። የወደቀ ሰው ጥንቃቄ ነው።

*

ባለፈው ሳምንት ከቤቴ አጠገብ ባለው አስፋልት ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሲሮጥ አገኘሁት። ቱታ ለብሷል፤ በላዩ ጃኬት፤ ከሥር የሚንኰሻኰሽ ነገር ይሰማል። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።

"ላስቲክ ነው?" አልሁት።

"አዎ ጋሼ፤ ሰርጌ ደርሷል። ወገቤን ላስተካክል ብዬ ነው" አለኝ እያፈረ።

ስለ ላዛሮ ነገርሁት። ስለ ሦስቱ ወጣቶች ነገርሁት። ስለ ድሬዳዋው መውደቄ ስነግረው ሣቀ፤ መምህሩ ተዘርሮ ሲያስበው መሰለኝ። ከዚያ፣ "ጋሼ፣ ላብ ካልወጣ ታዲያ መሮጡ ምን ዋጋ አለው?" አለኝ።

"ይውጣ እንጂ! ማን ይውጣ አይልም? ግን የሚሄድበት ስጠው" አልሁት።

ጥቂት አሰበ። ጃኬቱን አውልቆ በወገቡ ላይ አሰረ፤ እኔን ለማክበር ያደረገው ይመስለኛል። ላስቲኩን ግን አልፈታውም። አመስግኖኝ ሩጫውን ቀጠለ። ኰሽ ኰሽ የሚለው ድምፅ መታጠፊያው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አዳመጥሁት። አዲስ አበባ ናት፤ ጧት ነው፤ ምንም አይሆንም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን የጫጉላ ሽርሽሩ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቢሆንስ? እዚያም ልማዱን ይዞ ቢሄድስ?

ቤቴ ገብቼ ሻይ ጣድሁ፤ ይህንንም መጻፍ ጀመርሁ። የምታውቁት ላስቲክ የሚጠቀልል ሰው ካለ አንብቡለት። የእኔ ብዕር ካላሳመነው፣ ከእኔ የምትሻለዋ ያች እናት የጠየቀችኝን ጠይቁት፤ ላብህን አስረህ ወዴት ልትሄድ ነው?